የወጣቱ ቃል አስፋልት ከመድረሱ በፊት በቀበሌው ጉባኤ ይሰማ

በወላይታ ገጠር የአንድ ገበሬ ማኅበር መሪ ከሚያከናውናቸው ተግባሮች አብዛኞቹ የሚያልፉት በስብሰባ እንደሆነ የታወቀ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲሰበሰብ፣ የእርከን ሥራ ሲጀመር፣ የከብት ክትባት ሲመጣ፣ የመሬት ግብር ሲታወጅ ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይጠራል። ሆኖም በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ወጣቱ የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚገኘው መልስ የሚያስደስት አይደለም። ወይ አልተጠራም፤ ወይ ተጠርቶ ከኋላ ቆሟል፤ ወይም እጁን አውጥቶ «ጊዜ የለንም፣ ሌላ ቀን» ተብሏል። ያ ሌላ ቀን ግን አይመጣም።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ወጣቶች በነፃነት የሚናገሩበት፣ የፖለቲካ ጥያቄያቸውንም ሳይቀር የሚያነሡበትና መልስ የሚያገኙበት ቋሚ ጉባኤ በየወሩ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ዛሬ የአስተዳደሩ ስም በሕግ ቀበሌ ቢሆንም በአገሬው ሰው አንደበት ገና ገበሬ ማኅበር ነውና፣ ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተው እናንተን የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ነው። ወረዳውና ዞኑ ከእናንተ በኋላ ይመጣሉ።

የገበሬ ማኅበር ራሱ ከየት መጣ?

ይህ ሐሳብ ለአንዳንድ አባቶች እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። «ልጆች ተሰብስበው የአገር ጉዳይ ሊወስኑልን ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይሁን እንጂ የገበሬ ማኅበርን ታሪክ የሚያስታውስ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ ገጠር የተላኩት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ዘማቾች አብዛኞቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም የሚለውን ቃል ለገበሬው እያነበቡ ያስረዱት፣ ሰው እየሰበሰቡ ሊቀመንበር ያስመረጡት እነዚያው የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመቻ ብዙ ስሕተትና ብዙ መከራ እንደነበረ አይካድም። የሆነ ሆኖ ዛሬ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ወንበር ያን ጊዜ በወጣት እጅ የተዘረጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የወጣቶች ማኅበር ከላይ የመጣ መመሪያ ወደ ታች የሚተላለፍበት ቧንቧ ሆነ። ሥርዓቱ ከተለወጠም በኋላ የወጣት ሊግ፣ የልማት ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተከታትለው መጡ። ስማቸው ቢለያይም በአብዛኛው አሠራራቸው አንድ ነበር። ወጣቱ የተጠራው ለመስማት፣ ለማጨብጨብና ለመፈረም እንጂ ለመናገር አልነበረም። ለዚህም ነው ዛሬ «የወጣቶች ስብሰባ አለ» ሲባል ብዙው ወጣት «ስንት አበል አለው?» ብሎ የሚጠይቀው። ይህን አመል ያስተማርነው እኛው ነን።

የወላይታ ሁለት ትምህርቶች

ወጣቱ በቤቱ የሚናገርበት ሲያጣ ቃሉን ይዞ ወደ አስፋልት እንደሚወጣ ወላይታ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተዋሕደው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ለትምህርት ቤቶች ሲታደሉ፣ መምህራንና ተማሪዎች «ይህ ቋንቋችን አይደለም» አሉ። አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። ሲናገሩም የሰማቸው አልተገኘም። ነገሩ ወደ ሶዶ መንገዶች ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ከሰሜን ኦሞ ተለይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። መጻሕፍቱ ከመታተማቸው በፊት በየቀበሌው ወላጅና ተማሪ ተሰብስቦ ቢጠየቅ ኖሮ ያው መልስ ያለ አንዲት ጥይት ይገኝ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የቅርብ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «የላጋ» በሚል ስም የሚታወቀው የወጣቶች እንቅስቃሴ በወላይታ ተስፋፋ። ቃሉ በወላይትኛ ወጣት ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ በሐዋሳ በደረሰው ግጭት ወላይታዎች ሞተውና ተፈናቅለው ስለነበር የብዙው ወጣት ልብ ቆስሎ ነበር። ወጣቶቹ በከተማም በገጠርም እየተሰበሰቡ መከሩ፤ ወላይታ ክልል ትሁን የሚለውን ጥያቄ አነሡ። የዞኑ ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ለክልሉ ምክር ቤት አቀረበ።

እስከዚህ ድረስ የሆነው ሁሉ ሕግን የተከተለ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል። ዓመቱ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔው ግን አልተደረገም። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣኖች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የእንቅስቃሴው አስተባባሪዎች በሶዶ ታሰሩ። በማግሥቱ በሶዶና በቦዲቲ ወጣቱ ለተቃውሞ ወጣ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም ሌላ የቆሰሉና የታሰሩ ብዙ ነበሩ።

ሕዝበ ውሳኔው ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ተካሄደ። በወላይታ የተደረገው ግን በተፈጸሙ የአሠራር ጥሰቶች ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ድምፅ ተሰጠ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። የላጋ የጠየቀው ወላይታ ብቻዋን ክልል እንድትሆን ነበር፤ የተገኘው ከሌሎች ሕዝቦች ጋር የጋራ ክልል ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በዚህ ላይ በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ ሌላ ነው። በሁለቱም ጊዜ መልስ መጥቷል፤ የመጣው ግን ሬሳ ከተነሣ በኋላ ነው።

«ይህ የሶዶ ከተማ ነገር ነው፤ ገጠሩን ምን አገናኘው?» የሚል መሪ ቢኖር ተሳስቷል። በሶዶና በቦዲቲ መንገድ ላይ ከቆሙት ወጣቶች ቀላል የማይባሉት የገበሬ ልጆች ናቸው። ለትምህርት፣ ለቀን ሥራ፣ ለሞተር ብስክሌት ሥራ ከሁምቦ፣ ከዳሞት ጋሌ፣ ከቦሎሶ ሶሬ፣ ከኦፋ የወጡ ናቸው። ከተማ ሲገቡ ያነሡት ጥያቄ ከቤት ይዘውት የሄዱት ነው።

ወጣቱ ምን ይጠይቃል?

የወላይታ ወጣት ፖለቲካና የወላይታ መሬት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ወላይታ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። ብዙው ቤተሰብ የሚያርሰው ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በዚያች መሬት ላይ እንሰቱ፣ ስኳር ድንቹ፣ ቦሎቄው፣ በቆሎውና ጥቂት የቡና እግር ተፋፍገው ይበቅላሉ። አራት ወንድ ልጅ ያለው ገበሬ መሬቱን ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የጎጆ መሥሪያ ያህል ነው። ሴት ልጅማ ከቁጥር ውስጥ የምትገባው ከስንት አንዴ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና በግብርና መተዳደር የሚፈልግ ሁሉ የመሬት መጠቀም መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። መብቱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚታደለው መሬት ግን አስቀድሞ አልቋል። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መደበ። ታዲያ በዚህ ቀበሌ ማን ወሰደ? በምን መስፈርት ተመረጠ? ማን መለሰ? የጋራ የግጦሽ መሬቱ ለማን ተሰጠ? ምርጥ ዘሩ መሬቱ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ ለምን መጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ፖለቲካ ናቸው። ፖለቲካ የሆኑበትም ምክንያት ማን ምን ያገኛል የሚለውን ስለሚነኩ ነው። በቀበሌው ጉባኤ ላይ ተነሥተው ካልተመለሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጥያቄዎች ሆነው በሌላ ስም በሌላ ቦታ ይነሣሉ።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የማያውቅ የወላይታ ገበሬ የለም። አንድ ሰው የጓሮው እንሰት መጠውለጉን ከጎረቤት ሲሸሽግ፣ የተበከለው ቢላዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዘዋወራል፤ መንደሩም ሳያውቀው ይጠፋል። የልማት ሠራተኛው ምክር አጭር ነው። የታመመውን ንቀል፤ ቅበር፤ ቢላዋህን በእሳት ለብልብ፤ ለጎረቤትህም ንገር። ቅሬታም እንደዚሁ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በጉባኤ የተነገረ ቅሬታ ይታከማል፤ የተሸሸገው ግን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

ተነጋግሮ መሥራት ፍሬ እንዳለው ሩቅ ሳንሄድ በሁምቦ ታይቷል። በዚያ ወረዳ ተራሮቹ ተራቁተው ሳለ የተፈጥሮ ደኑ ከጉቶው እንዲያገግም ታስቦ 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከጭፍጨፋ ሲከለል፣ ሕዝቡ መጀመሪያ «መሬታችን ሊወሰድብን ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ስጋቱ የተወገደው በማስፈራራት አይደለም። ሰው ደጋግሞ ተሰብስቦ ጠየቀ፤ ተከራከረ፤ በመጨረሻም በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን የራሱ አደረገ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን መዝገብ ሰፈረ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ተራራ እንኳ የሚያገግመው ሰው ስጋቱን የሚናገርበት ሲያገኝ ነው።

የመሪው ስጋት

የገበሬ ማኅበር መሪ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ሳለ አንድ ነገር በልቡ ይሰጋል፤ ሲሰጋም ምክንያት አለው። «ልጆቹ ተነሥተው መንግሥትን ቢወቅሱ ነገ ወረዳው ማን ፈቀደልህ ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው» ይላል። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ በዚህ ሰበብ ከወንበሩ የተነሣም የታሰረም ይኖራል። ስለዚህ መሪው ሕጉን ማወቅ አለበት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀውም ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ማሳወቅና ፈቃድ መለመን ደግሞ ለየቅል ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ በሚጠራው ወርኃዊ ጉባኤ ላይ ወጣት ቢናገር፣ ተናጋሪውም ሆነ ጠሪው የሠሩት ወንጀል የለም። መሪው የጉባኤውን ቀንና ቦታ አስቀድሞ ለወረዳው በደብዳቤ ቢያሳውቅና ግልባጩን በፋይል ቢያስቀምጥ፣ ነገ ለሚነሣ ጥያቄ መልሱን ዛሬ አዘጋጀ ማለት ነው።

ወረዳዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ጸጥ ያለ ቀበሌ ሁልጊዜ ሰላም ያለበት ቀበሌ አይደለም። ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. በፊት ከየቀበሌው «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል ሪፖርት ይላክ የነበረ ከሆነ፣ ያ ሪፖርት ማንን ጠቀመ?

ጉባኤው እንዴት ይካሄድ?

ከዚህ በታች የቀረቡት ነጥቦች ምንም በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ፣ ገበያ በማይውልበት ቀን፣ ልጃገረዶችም ከውኃና ከቤት ሥራ ተገላግለው ሊገኙ በሚችሉበት ሰዓት ይደረግ። ጉባኤውን ለመጀመር ከጊፋታ በዓል በኋላ ያሉት ሳምንቶች ይመቻሉ። በከተማ የሚኖረው ልጅ በዚያን ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል፤ ወጣቱም «ሀያያ ሌኬ» እያለ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ይጨፍራልና ለመሰብሰብ ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ አጀንዳውን ወጣቶቹ ራሳቸው ያቅርቡ። ሰብሳቢዎቹም ከመካከላቸው በየተራ ይመረጡ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ሊቀመንበሩና ሽማግሌዎች በጎን ተቀምጠው ይስሙ፤ የሚናገሩት በመጨረሻ ይሁን። አባት አስቀድሞ ከተናገረ ልጅ ዝም እንደሚል በባህላችን የታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው ጥያቄው እንጂ የጠያቂው ስም አይሁን። የተናጋሪ ስም ለወረዳ ወይም ለፖሊስ የሚተላለፍ ከሆነ በሁለተኛው ወር ማንም አይመጣም፤ ቢመጣም አይናገርም። በዚህ ነገር ላይ መሪው ቃሉን መጠበቅ አለበት። አንድ ጊዜ የፈረሰ እምነት በሌላ ስብሰባ አይጠገንም።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በሚቀጥለው ወር መልስ ይሰጥ። መልሱም ከሦስቱ አንዱ ይሁን፦ «ተፈጽሟል»፣ «ወደ ወረዳ በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ደብዳቤ ተልኳል»፣ ወይም «በዚህ ምክንያት አይቻልም»። ወጣት «አይቻልም» መባልን ይችላል፤ የማይችለው ዝም መባልን ነው።

አምስተኛ፣ የቀበሌው ጉባኤ የማንም ፓርቲ ጉባኤ አይሁን። ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚውም በየራሱ አዳራሽ ይሰብሰብ። በቀበሌው ጉባኤ ገዥውን የሚደግፍም የሚነቅፍም እኩል ደቂቃ ይሰጠው። የላጋ የነበረም ያልነበረም፣ በወላይትኛ የሚናገርም በአማርኛ የሚናገርም፣ ከሌላ ብሔረሰብ የሆነ ጎረቤትም እኩል ይሰማ።

የወጣቱ ድርሻ

ለመሪዎች ብቻ ተናግሮ ማለፍ ሚዛን ማጉደል ይሆናል። የመናገር መብት የመስማት ግዴታ አለበት። ጥያቄን በድንጋይ ማቅረብ፣ የጎረቤትን ንብረት ማቃጠል፣ የሌላ ብሔረሰብ ተወላጅን በዘሩ ማጥቃት ትክክለኛውን ጥያቄ የሚያረክስ ተግባር ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ወላይታዎች ሲጠቁ ያዘነ ልብ፣ በሶዶ ንጹሕ ሰው ሲነካም እኩል ማዘን ይገባዋል። በስልክ የደረሰን ወሬ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ከመሮጥ በፊት በጉባኤ አቅርቦ ማጣራትም የወጣቱ ኃላፊነት ነው። ወሬ የሚከስመው ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ነው።

እንዲሁም ወጣቱ ጥያቄ ብቻ ይዞ አይምጣ። የቀበሌውን የችግኝ ጣቢያ እንረከብ፣ የመስኖ ቦዩን እንጥረግ፣ የተዘዋዋሪ ፈንዱን ሒሳብ ከኮሚቴው ጋር እንመርምር የሚል ሐሳብም ይዞ ይምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለማጠቃለል

በወላይታ ገጠር ዛሬ የሚያድገው ትውልድ ከአባቱ የሚወርሰው መሬት እጅግ ጥቂት ነው። ብዙው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዶ ጫማ ይጠርጋል፣ ሎተሪ ያዞራል፣ የቀን ሥራ ይሠራል። መሬት ልንጨምርለት ባንችል እንኳ ስለ አገሩ ጉዳይ ቃሉን የሚናገርበት ቦታ ልንከለክለው አይገባም። ይህንን ለመስጠት የዓለም ባንክ ብድር አያስፈልግም፤ የክልል መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅም አያሻም። የሚያስፈልገው አንድ ዛፍ፣ አንድ ደብተርና የሚያዳምጥ መሪ ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባችሁ ይህንን ጉዳይ በአጀንዳ ያዙት። ቀኑን ቁረጡ፤ ለወረዳው አሳውቁ፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ በገበያና በወፍጮ ቤት አስነግሩ። በመጀመሪያው ጉባኤ የሚመጡት አሥር ልጆች ቢሆኑ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሌሎቹ የሚጠባበቁት አሥሩ ተናግረው በሰላም ወደ ቤታቸው መግባታቸውን ለማየት ነው።